ኖራ ያልነካው ድንጋይ

የመዝገብ ቤቱን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። በእሷ ዕድሜ ደረጃ የምትዘል ሴት ወይ ቤቷ እሳት ገብቷል ወይ ቀኗ አልቆባታል፤ የእሷ ሁለተኛው ነበር። ብብቷ ሥር አሥራ አራት ገጽ የፍርድ ግልባጭ ተጠቅልሏል። ግልባጩን ያስረከባት ጸሐፊ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ዘና ብሎ፣ ይግባኝ ማቅረቢያው ሠላሳ ቀን መሆኑን፣ ሠላሳኛውም ዛሬ መሆኑን፣ መስኮቱም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ነግሯታል። ሃያ ዘጠኙን ቀን የበላው፣ አሥራ አራት ገጽ በእጅ እገለብጣለሁ ሲል የከረመው የእሱው ቤት መሆኑን ግን አላነሳም። እሷም አላነሳችበትም፤ ለጠብም ጊዜ ያስፈልጋል።

ከማስረከቡ በፊት የፍርደኛው ምን እንደሆነች ጠይቋት ነበር። "የሚስቱ እናት" አለችው፣ የተሰደበች ያህል ከንፈሯን ነክሳ። እሱም እንዳለችው መዝገቡ ላይ ጻፈ።

በግንባታ ቦታ የሚያውቋት ሁሉ ነጭ እጅ ነው የሚሏት። ሃያ ስድስት ዓመት ኖራ ነፍታ፣ ኖራ አቡክታ፣ የእጇ ስንጥቅ ሁሉ ነጭ ገብቶበት ቀርቷል። በሳሙና ቢሉት በቅባት ቢሉት አይለቅም። ሰው ፊት ስትቀርብ እጆቿን መጎናጸፊያዋ ሥር መደበቅ ልማዷ ነው፤ ያን ቀንም ደብቃቸዋለች።

የመጣችበት ነገር እንዲህ ነው። በትልቁ ወንዝ ላይ አዲስ የተሠራው ባለ ሦስት ቅስት የድንጋይ ድልድይ በመጀመሪያው ጎርፍ ተደረመሰና ሁለት ጋሪ ነጂዎች ይዞ ሄደ። ከፍርስራሹ ተገኘ የተባለ አንድ የተሰነጠቀ ድንጋይ ችሎት ቀረበ። ድንጋዩ ላይ የልጇ ባል ምልክት ነበረበት። እሱ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ጠራቢ ሁሉ ደግሞ በጠረበው ድንጋይ ላይ የየራሱን ምልክት በመሮ ይቀርጻል። ዳኛው ይህ ድንጋይ ያንተ ነው ወይ ሲሉት፣ የኔ ነው አላቸው። ጠበቃ አልነበረውም። ስምንት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ፈረዱበት። ሚስቱ በዚያ ሰሞን መውለጃዋ ደርሶ ስለነበር እናቷ ከአልጋዋ ሥር አልተለየችም፤ ችሎቱ እንዴት እንደዋለ ያየ የቤት ሰው የለም። አሁን ሕፃኑ ሦስት ሳምንቱ ነው። ዛሬ ይግባኙ ካልገባ አባቱን የሚያውቀው ፊደል ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሰው ዱሮም አይጥማትም ነበር። ልጇን ለአናጢው ልጅ ነበር ያሰበቻት። በተጋቡ ማግስት ጠራቢው "እማዬ" ሲላት፣ "እናትህ ሌላ ናት፤ እኔ የሚስትህ እናት ነኝ" ብላ አፉን አስያዘችው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም ብሎ ጠርቷት አያውቅም፤ ሲፈልጋት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ትናንት እስር ቤት ሄዳ የውክልናው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ካስነካች በኋላ፣ በሽቦው በኩል አንድ ሰዓት ያህል ስትወቅሰው ቆየች። የኔ አይደለም ቢል ምን ነበረበት፣ ማንስ ያውቅበት ነበር? እሱ ከልቡ የተከፋ መስሎ፣ ድንጋዬን እንዴት እክዳለሁ አላት። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ብላ ጥላው ተመለሰች።

የመጀመሪያው ጠበቃ ቤት ምንጣፍ ነበረው። ጠበቃው የግልባጩን የመጨረሻ ገጽ ብቻ አየና ላመነ ሰው ይግባኝ አይረዳውም አላት። ሁለተኛው ወረቀቱን አልነካውም፤ ከነገ ወዲያ ተመለሺ አላት። ከነገ ወዲያ የለኝም ብትለው ትከሻውን ሰበቀ። ያዘነላት በሩ ላይ የተቀመጠው ዘበኛ ነው። ከባርኔጣ ሰፊው ሱቅ በላይ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ እንዳሉ፣ በፍርድ ቤት አካባቢ ቆይ-ቆይ እንደሚሏቸው፣ የመጣባቸውን ሰው እንደማይመልሱ ነገራት። ለምን ቆይ-ቆይ እንደተባሉ ብትጠይቀው ሳቀና፣ "ሲደርሱ ያዩታል" አላት።

የባርኔጣ ሰፊውን የእንጨት ደረጃ እያንቋቋች ወጣች። ክፍሉ ጠባብ ነው። ግድግዳውን እስከ ጣሪያው ድረስ በሲባጎ የታሠሩ መዝገቦች ሞልተውታል። በአንዱ ጥግ ጥቁር የጽሕፈት መኪና አለ፤ ከኋላው እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ የሰካች ጸሐፊ ተቀምጣለች። በመስኮቱ በኩል የአደባባዩ ትልቅ ሰዓት ፊት ለፊት ይታያል። ነጭ እጅ ከሰው በፊት ያየችው ሰዓቱን ነው። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ይላል።

ጠበቃው ከጠረጴዛቸው ኋላ ተነሥተው ተቀበሏት። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ይህን አላደረጉትም ነበር። ክርኑ የተጣፈ ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ የመነጽራቸው አንዱ ጆሮ በክር ታስሯል። እሷ እንደቆመች ሁሉንም ነገር በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤ ድልድዩን፣ ጎርፉን፣ ሕፃኑን፣ ሠላሳኛውን ቀን። ከዚያ ለድካማቸው ብላ ከመጎናጸፊያዋ ጫፍ የቋጠረችውን ልትፈታ ስትል እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ" አሉ። "እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ይቀመጡ፤ እንየው።"

ይህን "ቆይ" የሚሉት ለሰው አይደለም፤ ለነገሩ ነው። ሰውንማ፣ ደረጃ ጠራጊውንም ሳይቀር፣ አንቱ ነው የሚሉት።

ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። ነጭ እጅ እንዲህ ያለ አነባበብ አይታ አታውቅም። ጣታቸውን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አኖሩና፣ ልክ እንደ ጥሩ ግንበኛ፣ አንዱን በቦታው ሳያስቀምጡ ወደሚቀጥለው አያልፉም። የገጽ መጨረሻ ደረሱ ስትል ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። አምስት ሰዓት ሞላ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ናቸው። አምስት ተኩል ሆነ፤ አምስተኛው ላይ። እሷ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃታት። ሰውዬው አርጅተው ነው፣ ዘበኛው ቀልዶብኛል ማለት ጀመረች።

ጸሐፊዋ ገባት መሰለኝ፣ ወንበሯን ወደ እሷ ጠጋ አደረገች። "አይዞዎት እማማ" አለቻት በሹክሹክታ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ጋሼ ደግሞ ሌላው ያፈሰሰውን ነው የሚለቅሙት።" ቀጥላም አጫወተቻት። ጠበቃው ጠበቃ ከመሆናቸው በፊት ሃያ ዓመት በዚያው በመዝገብ ቤት ገልባጭ ነበሩ። የሌሎችን ፍርድ በእጃቸው፣ ቃል በቃል፣ ሲገለብጡ ኖረው አንድ ነገር ተማሩ። ስሕተት የሚተኛው ሰው ሁሉ ዘልሎት በሚያልፈው መስመር ላይ ነው። ዛሬም የሚያነቡት እንደሚገለብጡ አድርገው ነው። ሰዎች ይስቁባቸዋል። ዳኞች ግን ሲገቡ ካዩዋቸው መነጽራቸውን ያስተካክላሉ።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ስምንተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ቆይ" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን አሰምተው አነበቡ። "ተከሳሹ ድንጋዩ የኔ ነው ሲል ካመነ በኋላ፣ ግን አልጮኸም የሚል ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌለው ቃል ስለጨመረ፣ የተጠየቀውን ብቻ እንዲመልስ ታዟል።" ቀና ብለው በመነጽራቸው በላይ አዩዋት። "አልጮኸም ምን ማለት ነው?"

"ምን ማለት ይሆናል" አለች ነጭ እጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቃቸው ገርሟት። "ድንጋዩ አልጮኸም ነዋ። ጠራቢ ጠርቦ፣ ምልክቱን አድርጎ ሲጨርስ በመዶሻ ይመታዋል። ጤነኛ ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል። ውስጡ ስንጥቅ ካለ ዱብ ብሎ ይቀራል። ያልጮኸ ድንጋይ ግንብ ላይ አይወጣም፤ ወንዝ ዳር ነው የሚጣለው…"

እዚህ ላይ የራሷን ቃል ሰማችው። የልጇ ባል ያን ቀን ችሎት ፊት ቆሞ፣ ይህ ድንጋይ የኔ ነው ግን የጣልኩት ነው ብሏቸዋል። የሰማው የለም። ትናንት በሽቦው በኩል ለእሷም ይህንኑ ሊነግራት ጀምሮ ነበር፤ እሷ ግን ለመውቀስ ስትቸኩል አላስጨረሰችውም።

ጠበቃው አልፈነጠዙም። ይህ የፍርደኛ ቃል ነው፣ የፍርደኛን ቃል ብቻውን ማንም አይቀበልም አሉና ወደ ስድስተኛው ገጽ ተመለሱ። ስለ ድንጋዩ የተጻፈውን እንደገና አነበቡላት። በአንደኛው ገጹ ላይ የተከሳሹ ምልክት ጥርት ብሎ ይታያል ይላል።

"ቆይ። ምልክቱን የሚቀርጹት በየትኛው ገጽ ነው?"

"ከታች በሚተኛው። ኖራው ላይ በሚያርፈው። ጠራቢ ስሙን ለመንገደኛ አያሳይም፤ ለኖራ ነው የሚሰጠው። አንዴ ከተገነባ ጌታው ራሱም ደግሞ አያየውም።"

"ድልድዩ ሲፈርስስ? ኖራውን ወንዙ አያጥበውም?"

ነጭ እጅ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ፣ ምን እንደምታደርግ ሳታስብ፣ ሁለቱን እጆቿን ከመጎናጸፊያዋ አወጣችና በጠበቃው ጠረጴዛ ላይ፣ ፍርዱ ላይ ዘረጋቻቸው።

"ይኸው" አለች። "የመጨረሻውን ኖራ ያቦካሁት ከአራት ወር በፊት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ እታጠባለሁ። የሰው ቆዳ ላይ እንዲህ ከያዘ፣ ድንጋይ ላይማ በመሮ ካልሆነ አይነሣም። በመሮ ከተነሣ ደግሞ ምልክቱም አብሮት ይነሣል።"

ጠበቃው እጆቿን አነበቧቸው። ሌላ ቃል የለውም፤ ጣታቸውን ከስንጥቁ በላይ እያሳለፉ፣ ሳይቸኩሉ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዩዋቸው። ከዚያ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ዳኛ ሲገባ እንደሚቆሙት አድርገው ቆሙላት። ነጭ እጅ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅምና ወዴት እንደምታይ ጠፋት።

"እንግዲህ ምልክቱ ጥርት ብሎ የሚታይ ድንጋይ…" ብለው ጀመሩ።

"ኖራ ያልነካው ድንጋይ ነው" አለች። "ድልድዩ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።"

የቀረው ለእሷ ግልጽ ነበር። የሥራው ሹም የአገረ ገዢው ሰረገላ በድልድዩ ላይ እንዲያልፍ ቸኩሎ፣ የቅስቶቹን ድጋፍ እንጨት በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አስነቀለ። የድልድዩን ኖራ ያቦካችው እሷ ነበረችና፣ ገና ነው፣ አርባ ቀን ይፈልጋል ብላ ነበር፤ የኖራ አቡኪ ቃል ማን ይሰማል? ሲፈርስ ጥፋተኛ ያስፈልገው ነበርና ከወንዝ ዳር ከተጣሉት አንዱን የተሰነጠቀ ድንጋይ አንሥቶ አቀረበ። ምልክቱ ጎልቶ የሚታየውን መርጧል፤ የሚነበበው እሱ ነዋ። ጠበቃው ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ "በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ብለው አጉተመተሙ።

ቀጥሎ ያሉት ነው ነጭ እጅን የነካት።

"አማችዎ የኔ አይደለም ብሎ ቢሆን ዛሬ በእጃችን ምንም አልነበረም። ያን ጊዜ ሌላ ድንጋይ ይመጣ ነበር፤ ኖራ የተለሰነ። የኔ ነው ብሎ ይህንኑ ድንጋይ በቃሉ ቸነከረልን። ከእንግዲህ ማንም ሊለውጠው አይችልም።"

ከሞኝ ደጅ ያለችው ትዝ አላትና በጣም አፈረች።

ሰባት ሰዓት ላይ ማስጻፍ ጀመሩ። ጸሐፊዋ በሦስት ወረቀት መካከል ካርቦን አስገባች፤ እጅጌዋን ጠቀለለች። እሳቸው እየተንጎራደዱ ይናገራሉ፣ እሷ ትመታለች፣ መኪናው መስመር ሲጨርስ ይደውላል። ነጭ እጅ ሹሙ ሌባ መሆኑም ይጻፍ ብትል፣ ቆይ፣ ያየነውን ብቻ ነው የምንጽፈው አሏት። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ የመጨረሻው ገጽ ወጣና አነበቡት። ጸሐፊዋ አንድ ቦታ፣ ማመልከቻውን ያቀረበችው የፍርደኛው ቤተሰብ ናት ብላ ነበር።

"ቆይ። ቤተሰብ ማለት ብዙ ነው፤ ዳኛው ይህች ማን ናት ይላሉ። የፍርደኛው ሚስት እናት ይበሉ።"

አንድ ቃል ናት። መፋቅ አይሆንም፤ በካርቦን ሦስቱም ላይ አለች። ጸሐፊዋ አዲስ ወረቀት መኪናው ላይ አስገብታ ገጹን ከመጀመሪያው ጀመረችው። ነጭ እጅ በመስኮቱ ሰዓቱን አየች። ግን ከእንግዲህ አልተናደደችም። ኖራ ስትነፋ አንዲት ጠጠር ያገኘች እንደሆነ ጠቅላላውን መልሳ የምትነፋ ሴት ናት፤ ይህን ሥራ ታውቀዋለች። አጠገቧ የሚሠሩት ሴቶች በዚሁ ምክንያት ስንቴ ረግመዋታል።

ይግባኙ ሲያልቅ ጠበቃው ሌላ ወረቀት ያስገቡ አሉ። ይህኛው አጭር ነው፤ አሥር መስመር አይሞላም። በኤግዚቢትነት የተያዘው ድንጋይ ዛሬውኑ ታሽጎ እንዲቀመጥ ለተረኛው ዳኛ የቀረበ ማመልከቻ ነው። ምክንያቱን አልጻፉበትም።

አደባባዩን ሲያቋርጡ አሥር ሰዓት ተደወለ። ጠበቃው በዝግታ ይራመዳሉ፤ እሷ ሦስት እርምጃ ትቀድምና ትመለሳለች። የመዝገብ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው፣ ሰልፍ የለም። ደስ አላት። ጠበቃው ግን መስኮቱን አልፈው ወደ ዳኞቹ ኮሪደር አመሩ።

"ጌታዬ፣ መስኮቱ እኮ ያውና" አለች። "መጀመሪያ ይግባኙን እናስገባ፤ ይዘጋብናል።"

ቆሙላት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በመስኮቱ ውስጥ ከጸሐፊው ጀርባ ወደተቀመጠው ሰውዬ በዓይናቸው አመለከቷት። የዐቃቤ ሕጉ ሰው ነው፤ የገባ ይግባኝ ሁሉ ማኅተም እንዳረፈበት አንዱ ቅጂ በእጁ ይገባል። ከእሱ ለሹሙ ለመድረስ ደግሞ ብዙ መንገድ የለም።

"ይግባኙን አሁን ካስገባነው፣ ነገ ጠዋት ድንጋዩ ኖራ ተለስኖ ነው የሚገኘው" አሉ። "ኖራ ደግሞ እንደማይለቅ እርስዎ ነግረውኛል።"

ነጭ እጅ ለዚህ አሥራ አራት ገጽ ሠላሳ ቀን ጠብቃለች፤ መስኮቱ ከፊቷ አሥር እርምጃ ላይ ክፍት ሆኖ ሊያልፉት ነው። እምቢ ብትል ወረቀቱ በእጇ ነው፤ ራሷ ልታስገባው ትችላለች። ሰውዬውን አየቻቸው። ረፋድ ላይ አርጅተዋል ብላ ያማቻቸው ሰው፣ ያቺን አንድ ቃል ብለው ገጽ ያስደገሙ ሰው። "እሺ" አለች፤ ተከተለቻቸው።

ተረኛው ዳኛ የችሎት ካባቸውን አውልቀው ሻይ ይጠጡ ነበር። አሥር መስመሩን አነበቡ፤ ለምን እንደሚታሸግ ጠየቁ። ጠበቃው፣ ማስረጃ ነውና እንዳለ እንዲቆይ አሉ። ዳኛው ትንሽ አዩዋቸውና ብርጭቆውን አስቀመጡ፤ ምንም ሳይጨምሩ ፈረሙ። ቢሆንም ማኅተም ያዡ ሌላ ክፍል ሄዶ ኖሮ እስኪመጣ ጠበቁት። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ።

የኤግዚቢት ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ዕቃ ጠባቂው ኩራዝ ይዞ አስገባቸው። በመደርደሪያው ላይ ዝገት የበላቸው ጎራዴዎች፣ የተሰበረ ሚዛን፣ የማን እንደሆነ የተረሳ አንድ ጫማ። ድንጋዩ መሬት ላይ በጎኑ ተቀምጧል። ጠበቃው ኩራዙን ተቀብለው አጎነበሱ፤ ዙሪያውን፣ ከላይ እስከ ታች፣ በዚያው ዝግታቸው አዩት። አንዲት የኖራ ነጥብ የለበትም። ቀና ሲሉ እፎይታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ አየችው። ጠባቂው ድንጋዩን በሸራ ጠቀለለ፤ ሲባጎውን አመጣ፤ ሰሙን ኩራዙ ላይ ማቅለጥ ጀመረ።

"ቆይ" አለ አንድ ድምፅ።

ጠባቂውም ጠበቃውም ዞሩ። ያለችው ነጭ እጅ ናት።

ሸራውን ገለጥ አድርጋ ተንበረከከች። የጠራቢውን ምልክት ታውቀዋለች፤ መዶሻ ነው። ገና ልጇን ሳያገባ በመሣሪያዎቹ እጀታ ላይ ሁሉ ተቀርጾ አይታዋለች። እዚህ ግን ከመዶሻው ሥር ሌላ ነገር አለ። ክብ ነው፣ ውስጡ እንደ መረብ በቀጫጭን መስመር ተሸንሽኗል። እያንዳንዱን መስመር ለመቅረጽ ብዙ ደቂቃ የሚፈጅ፣ ለማንም የማይታይ ሥራ።

"ወንፊት ነው" አለች ለራሷ። "የኖራ ወንፊት።"

ጠበቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ገጽ አምስት ላይ አለ" አሉ በቀስታ። "በሠራተኞች መዝገብ ምልክቱ መዶሻ ብቻ ነበር ይላል። ከሰባት ዓመት ወዲህ መዶሻና ወንፊት ተብሎ ተለውጧል። ለምን እንደለወጠው መዝገቡ አይልም።"

ነጭ እጅ ለምን እንደሆነ ገባት። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየድልድዩ፣ በየግንቡ፣ በየመጋዘኑ፣ እሷ ባቦካችው ኖራ ላይ ፊቱን ደፍቶ የተኛ ድንጋይ ሁሉ ይህን ይዞ ነው የተኛው። እንዳይጠራት የከለከለችውን ስም እሷው በምታቦካው ውስጥ ሲያስቀምጥ ኖሯል። አንድም ቀን አልነገራትም። ጉሮሮውን ብቻ ይጠርግ ነበር። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም፣ በነጩ እጇ ጠረገችው።

"ያሽጉት" አለች ለጠባቂው። ሰሙ ሲባጎው ቋጠሮ ላይ ተንጠባጠበ፤ ማኅተሙ አረፈ።

ሲወጡ አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ጠበቃው የምድር ቤቱን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሻቸው አጠረ፤ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ጣል አድርገው ቆሙና ወረቀቱን ሰጧት፣ ይሂዱ አሏት። ነጭ እጅ መጎናጸፊያዋን ወገቧ ላይ አሠረች። በኮሪደሩ ስትሮጥ የጫማዋ ድምፅ ዳኞቹን ከየክፍላቸው አስወጣቸው ይባላል፤ እኔ አላየሁም፣ ግን አምናለሁ። ጸሐፊው የመስኮቱን መዝጊያ ግማሽ ድረስ ስቦት ነበር። ሦስቱን ቅጂ ከሥሩ ሰደደችና እጇን በዚያው አስቀመጠችው፤ ቢዘጋ እጇ ላይ ነው።

ጸሐፊው ነጩን እጅ አየ። ወደ ግድግዳው ሰዓት ዞረ። ሁለት ደቂቃ ይቀራል። መዝጊያውን መልሶ ከፈተና ገጹን ቆጠረ፤ ውክልናውን አየ፤ ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ ሦስት ጊዜ መታው። የዐቃቤ ሕጉ ሰው አንዱን ቅጂ ወስዶ መጀመሪያውን መስመር ማንበብ ጀመረ። ይበል፤ ያንብብ።

ጸሐፊው ያንኑ የጠዋቱን መዝገብ ገለጠ። የማመልከቻውን መቀበያ ወረቀት የምትረከበው የፍርደኛው ምን እንደሆነች ጠየቃት። ይህን ጊዜ ጠበቃው ከኋላዋ ደርሰዋል፤ ትንፋሻቸው ይሰማታል።

"እናቱ ነኝ" አለች።

ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። "ጠዋት የሚስቱ እናት ነኝ ብለውኝ ነበር እኮ። ጽፌዋለሁ።"

"ጠዋት ሳላውቅ ነው።"

ጸሐፊው ግራ ገባውና በትከሻዋ በላይ ወደ ጠበቃው ተመለከተ። እሳቸው ፊት የተሳሳተ ቃል መዝገብ ገብቶ እንደማያውቅ እዚያ ቤት የማያውቅ የለም፤ ብዕሩን ከወረቀቱ በላይ ይዞ ጠበቃቸው። ቆይ-ቆይ መነጽራቸውን አወለቁ። በኮታቸው ጫፍ አንዱን መስታወት፣ ከዚያም ሌላውን፣ ረጋ ብለው ጠረጉ።

ቆይ አላሉም።